በቀጥታ የስልክ ውይይት ላይ በጎረቤት ሕዝብ ላይ የጥላቻ ንግግር ሲሰነዘር አዘጋጁ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ጠያቂ (የማኅበረሰብ ሬዲዮ አዘጋጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራው ወሎና አፋር በሚጎራበቱበት አካባቢ በሚደመጥ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። በግጦሽ ወይም በውኃ ሳቢያ ግጭት በተነሳ ቁጥር አንዳንድ ደዋዮች ከብት ነዳ ወይም ሰው ጎዳ የተባለውን ግለሰብ ትተው ሕዝቡን በሙሉ በጅምላ ይወነጅላሉ። ስልኩን ብዘጋው «አፈና ነው» እባላለሁ፤ ብተወው ደግሞ ያው ንግግር በማግሥቱ ገበያ ላይ ሲደገም እሰማለሁ። የስልክ ውይይቱ ጨርሶ ይቅር የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን የገጠሩ ሰው ብሶቱን የሚያሰማበት ሌላ መድረክ ስለሌለው ሐሳቡን ልቀበለው አልቻልኩም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦
አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚለው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ በሰው ወይም በቡድን ላይ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሲሆን፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል። የዜና ዘገባና ፖለቲካዊ ትችት ግን በአዋጁ ጥበቃ አላቸው። ስለዚህ «ከብቴን የነዱት ከማዶ የመጡ ሰዎች ናቸው» የሚል ደዋይ አቤቱታ እያሰማ ነው፤ ሊደመጥም ይገባዋል። «እነሱ ሲፈጠሩም ሌቦች ናቸው» ሲል ግን መስመሩን አልፏል። ይህን ልዩነት አዘጋጁ በአየር ላይ በግልጽ ቢናገረው አፈና አይሆንም።

መልስ (የቀድሞ የዜና አርታዒ)፦
ሕጉ የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። የሩዋንዳው ኤር ቲ ኤል ኤም ሬዲዮ በ1993 እ.ኤ.አ. ስርጭት ሲጀምር ወጣቱን የሳበው በሙዚቃውና ዘና ባለ ጨዋታው ነበር፤ በዚያው ለዛ ቱትሲዎችን «በረሮዎች» እያለ ጆሮን አለማመደ፤ በ1994ቱ እልቂት ጊዜም የሚታደኑ ሰዎችን ስም እስከ መጥራት ደረሰ። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በጣቢያው መሥራቾች ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የሰጠው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሟቾቹ ምን ይፈይዳል? በጎረቤት ቡሩንዲ ግን በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ስቱዲዮ ኢጃምቦ የተባለ የሬዲዮ ዝግጅት ስቱዲዮ፣ በግጭት ላይ ከነበሩት ሁለት ብሔሮች የመጡ ሁቱና ቱትሲ ጋዜጠኞችን አንድ ላይ አሰማርቶ ያዘግብ ነበር። ሁለቱ ያልተስማሙበት ዘገባ ጉድለቱ እዚያው ይታያል። እርስዎም ከጎንዎ አፋርኛ ተናጋሪ አዘጋጅ ቢያስቀምጡ፣ ደዋዩ የሚናገረው ስለ ሌሉ ሰዎች ሳይሆን ፊት ለፊት ለሚሰማው ሰው መሆኑን ያውቃል።

መልስ (ከአፋር)፦
ወንድሜ፣ መፍትሔውን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በእኛ ዘንድ ዳጉ የሚባል የወሬ ሥርዓት አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም፤ አረፍ ብለው አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው እስኪጨርስ ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራው ይሆናል። አድማጩም «በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሐሰት ወሬ ያስተላለፈ ሰው በባህላችን ተጠያቂ ነው። ደዋዩን ከመዝጋትዎ በፊት ይህንኑ ይጠይቁት። የትና መቼ እንደሆነ፣ ራሱ ማየት አለማየቱን ሲጠየቅ፣ እውነተኛ በደል የደረሰበት ሰው ይመልሳል፤ በወሬ የተነሳሳውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሌላው ነገር ገበያ ነው። ሰኞ ባቲ ላይ ግመልና ፍየል ይዞ የወጣው አፋር እህል ይዞ ከመጣው ደገኛ ጋር ሲገበያይ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየቀላቀለ ሲከራከር ይውላል። መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱና የሁለቱንም ድምፅ አሰሙ። ደም ፈስሶ ሐዘን ባልወጣበት ሳምንት ግን ይህን አታድርጉ፤ ሐዘንተኛው እንደ ንቀት ይቆጥረዋል፤ ያን ጊዜ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይቅደሙ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄውን ሳላነሳ ስድቡ ቀድሞ አየር ላይ ቢውልስ?

መልስ (የቀድሞ የዜና አርታዒ)፦
ድምፁን ጥቂት ሰከንዶች የሚያቆይ መሣሪያ ካላችሁ ችግሩ ይቃለላል። ከሌላችሁ፣ እዚያው ወዲያውኑ «ይህ ንግግር የጣቢያችን አይደለም፤ ስለ ጠፋው ከብት ግን ይቀጥሉ» ብለው ወደ ጉዳዩ ይመልሱት። ስርጭቱ ሲያበቃም ለደዋዩ መልሰው ይደውሉለት፤ አቤቱታውን ወደ ሽማግሌዎቹ የሚያደርስለት ሰው እንዳለ ያሳውቁት።