የጋራ ሳይክልካርት ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን አይታችሁ ጻፉ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ዓላማው የተስማማንበት ነው። ከውዳቂ ዕቃ ሁለት የሚነዱ ሳይክልካርቶች፣ ማለትም የድሮ እሽቅድምድም መኪና የሚመስሉ የአንድ ሰው ትናንሽ መኪናዎች፣ ሠርተን ከሌሎች ማኅበራት ጋር እንወዳደራለን። አምሳያው ቡጋቲ 35 የተባለው የ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ እሽቅድምድም መኪና፣ ቀለሙ ሰማያዊ። ሻሲው ከአሮጌው በር ቱቦላሬ ይሠራል። ጎማው የሞተር ሳይክል ባለ 17 ኢንች፣ ሞተሩ ከተጣለ የውሃ ፓምፕ የሚወጣ ሆንዳ ጂኤክስ 200፣ አካሉ ኮምፔንሳቶና ላሜራ። ከካዝና የሚወጣው ለኩሽኔታ፣ ለፍሬን፣ ለካቴናና ለፍሪሲዮን ነው። ቶሎ ጻፉ። ገንዘቡ ካልተያዘ ለሌላ ሥራ ይሄዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሁለት አይበቃም። ባለፈውም እንዲሁ «ትንሽ ነገር ነው የሚገዛው» ተብሎ ካዝናው ተራቁቶ፣ ሻሲው ግማሽ ላይ ቀረ። እስካሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንድ ይሁን።

በያጅ፦ አንድ ከሆነ ማን ሊነዳው ነው? እኔ በነፃ እበይዳለሁ ያልኩት ሁለት ስለተባለ ነው።

የፓምፑ ባለቤት፦ ሞተሩን እኔ አመጣለሁ። ፓምፑ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው። አታስቡ።

አንጋፋው መካኒክ፦ ስለ ጎማው አንድ ነገር ልበል። ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ይጋደማል፤ ስለዚህ ጫናው ቸርኬውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ባለ አራት እግር አይጋደምም። ጥምዝ ላይ ኃይሉ ቸርኬውን ወደ ጎን ይገፋል፤ ሽቦዎቹ ደግሞ ለዚያ አልተሠሩም። ስለዚህ ቀጭን ጎማ ያዙ። ቀጭን ጎማ ሽቦው ሳይበጠስ ቀድሞ ይንሸራተታል። ሰፊ ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዝና ጣጣውን ሁሉ ወደ ሽቦው ያሻግረዋል። ሁለተኛ፣ አክስሉ። ሞተር ሳይክል ላይ በሁለት በኩል ተይዟል። እኛ ከፊት የምንሠራው ግን በአንድ በኩል ብቻ የተንጠለጠለ ነው። የድሮውን ቀጭን አክስል መልሳችሁ ከከተታችሁ ይጎብጣል። ወፍራም አክስል፣ ለእሱ የሚሆን ኩሽኔታ። ይህ ከውዳቂ አይፈለግም፤ ይገዛል። ኃይሉ ደግሞ ወደ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ይሂድ። ዲፈረንሻል (ጥምዝ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገውን) ከመፈለግ ትድናላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሠራውም እንደዚያ ነው።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ገብቷል። መጠኑም የተለመደው ይሁን። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 168 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከጎማ ጎማ 97 ገደማ።

ቀለም ቀቢ፦ ሰማያዊ ማን ወሰነ? ያልተከፈተ አረንጓዴ ቀለም መጋዘን ተቀምጧል። ካዝናው ተራቁቷል እየተባለ ሌላ ቀለም ይገዛል?

በያጅ፦ ቡጋቲ አረንጓዴ አይቀባም። በዚያ ዘመን የእሽቅድምድም መኪና ቀለም በአገር ነበር፤ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ጣሊያን ቀይ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ቤልጂየም ቢጫ ነበር። አረንጓዴ ቡጋቲ ይዘን ከወጣን ስለ መኪና የማያውቁ ሰዎች የሠሩት ይባላል። የማኅበሩ ስም ነው።

ቀለም ቀቢ፦ የማኅበሩ ስም የሚጠፋው ባልተላገ ብየዳ እንጂ በቀለም አይደለም።

በያጅ፦ ምን ለማለት ነው?

ቀለም ቀቢ፦ ያለፈውን ሻሲ ሂድና እየው።

በያጅ፦ ያለፈው የቆመው ገንዘብ አልቆ ነው፤ ብየዳው ምንም አልሆነም። መጋጠሚያውን መትተህ ሞክረው። ቀለሙ ካልተወሰነ ችቦ አላነሣም። ይኸው ጻፍኩት።

ጸሐፊ፦ የመሪው ሥዕል አልቀረበም። የፍሬኑም ጉዳይ አለ። እባካችሁ ወደዚያ እንሂድ።

አናጺ፦ ሰማያዊ ይሁን። ልጆች ሲያዩት ቡጋቲ መሆኑን የሚያውቁት በእሱ ነው።

አዲስ አባል፦ ቀለሙ የመኪናው አገር አልነበረም፤ የተወዳዳሪው ነበር። የመጀመሪያውን የሞናኮ ግራንድ ፕሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ያሸነፈው እንግሊዛዊው ዊሊያም ግሮቨር ዊሊያምስ ነው። የነዳው ቡጋቲ 35ቢ ነበር፤ መኪናው አረንጓዴ ነበር። ስለዚህ አረንጓዴ ቡጋቲ የታሪክ ስህተት አይደለም።

ቀለም ቀቢ፦ በቃ። ያሸነፈ መኪና ነው። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

በያጅ፦ አንድ መኪና አምጥቶ ደንቡን መሻር አይቻልም። እኛን የሚያየው ሰው የሞናኮን ታሪክ አንብቦ አይመጣም። ሰማያዊ ሲያይ ያውቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰማያዊ ቀለም ከኪሱ የሚያወጣ አለ? ካለ ጉዳዩ ያልቃል። ከሌለ አረንጓዴ ነው። ይህ የአባላት መዋጮ ነው፤ ሴትየዋ ልብስ ሰፍታ ያመጣችው አለበት፣ ጡረተኛው ከጡረታው ቀንሶ ያስገባው አለበት። ለቀለም ክርክር አላወጣውም።

አናጺ፦ እኔ እገዛለሁ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን አልችልም።

በያጅ፦ መቼ ነው ያልከው?

አናጺ፦ ለራሴ አስቤው ነበር።

አንጋፋው መካኒክ፦ ልጆች፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። ያ አሮጌ በር ዚንክ የተነከረ ነው። ዚንኩ ሳይፋቅ ብትበይዱት ጭሱ ያንቀጠቅጣችኋል፤ ሌሊት ትኩሳት ይይዛችኋል። መጋጠሚያው ሁሉ እስከ ጥቁሩ ብረት ይሞረድ፣ ሥራውም ውጭ አየር ላይ ይሁን። የቀረው ዚንክ ላይ ደግሞ ተራ ቀለም አይጣበቅም፤ ይላላጣል። ሰማያዊ ሆነ አረንጓዴ መጀመሪያ ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር ያስፈልገዋል። እሱ በረቂቁ የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ፕራይመር ስንገዛ ከምኑ ይቀነስ?

ጸሐፊ፦ የፓምፑ ባለቤት የት ነህ? ሞተሩን ዓይተን ካልወሰንን የካቴናውን ርዝመት እንኳ መጻፍ አንችልም።

በያጅ፦ ስልክ አያነሣም።

አዲስ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። 35 ብለን ከጻፍን ቸርኬው ያጣላናል። የ35 ቸርኬ ባለ ስምንት ክንድ የአሉሚኒየም ነው። እኛ ያለን የሞተር ሳይክል ባለ ሽቦ ነው። ባለ ሽቦው 37 ነው። አካሉ ከ35 ጋር ይመሳሰላል፣ ሞተሩ ግን ባለ ስምንት ሳይሆን ባለ አራት ሲሊንደር ነው። 37 ብንለው ማንም ጣት አይቀስርብንም።

በያጅ፦ ይህ ልክ ነው። ከመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። 37 ይሁን። አረንጓዴም ከሆነ ጠቆር ያለው ይሁን፤ ያ መጋዘን ያለው ፈዛዛ ከሆነ አልቀበልም።

ቀለም ቀቢ፦ ጠቆር ያለ ነው። ነገ ቆርቆሮ ላይ ቀብቼ አሳይሃለሁ። ስለ ብየዳው ያልኩት ይቅር፤ ተናድጄ ነው።

በያጅ፦ እሺ። ዚንኩን አብረን እንሞርደው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሞተሩ ካልመጣ ካቴናና ፍሪሲዮን ለምን እንገዛለን? ያን አውጥተን ለፕራይመርና ለወፍራሙ አክስል እናድርገው። መኪናው ተሠርቶ በዓመታዊው ስብሰባ ይታይ። ሰው ሲያይ መዋጮው ይጨምራል፤ ሞተሩ ያኔ ይገዛል።

አንጋፋው መካኒክ፦ ሞተር የሌለው ሳይክልካርት ለማየት አልነበረም የተሰበሰብነው። እኔ ኩሽኔታ ስቆጥር የቆየሁት እንዲነዳ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ሞተሩን ያምጡልኝና ዛሬ እመልሰዋለሁ።

አናጺ፦ ለእይታ ከሆነ ወንበሩን በቆዳ ልሸፍነው እችላለሁ። የኮፈኑንም ማሰሪያ ቀበቶ። ያረጀ ቦርሳ አለኝ።

በያጅ፦ እኔ ደግሞ ማርሚታውን እስከ ኋላ ድረስ በጎን አስረዝመዋለሁ፣ ጫፉን ዓሣ ጭራ አድርጌ።

አንጋፋው መካኒክ፦ ለሌለ ሞተር ማርሚታ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ረቂቅ፦ አንድ ሳይክልካርት፣ አምሳያ ቡጋቲ 37፣ ጥቁር አረንጓዴ። «መወዳደር» የሚለው ወጥቶ «በዓመታዊው ስብሰባ ማሳየት» ገብቷል። የሞተር ቦታ ተዘጋጅቶ ይተዋል። ካቴናና ፍሪሲዮን ተሰርዘዋል። ፕራይመር፣ አክስልና ኩሽኔታ ይገዛሉ። ቆዳና ማርሚታ ከአባላት። ፍሬኑ ለጊዜው ተነሥቷል።

አንጋፋው መካኒክ፦ ፍሬኑ አይነሣም። ሞተር ይኑረው አይኑረው፣ ልጅ ይቀመጥበታል፣ ሌላ ልጅ ይገፋዋል፣ መሬቱ ትንሽ ካዘነበለ ይሄዳል። ጎማው አራት ነው፣ የሚቆመው ግን በጸሎት አይደለም። ፍሬን ከሌለው ስሜን ከፕሮፖዛሉ አውጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፍሬን ካለ ፕራይመሩ ለግማሹ ብቻ ይበቃል።

ቀለም ቀቢ፦ የሚታየውን ግማሽ እቀባለሁ። ከታች ያለውን ራሴ ፈልጌ እጨርሰዋለሁ።

ጸሐፊ፦ ፍሬኑ ተመለሰ። ነገ ይገባል። የፓምፑን ባለቤት ያገኘ ሰው ለእኔ ይደውል።

አዲስ አባል፦ የመሪውን ሥዕል ማን ይሠራል?

በያጅ፦ ቁጥሩስ ስንት ይጻፍበት? ዊሊያምስ 12 ነበር የያዘው።

ቀለም ቀቢ፦ የሌላ ሰው ቁጥር ለምን? ማኅበሩ የተመሠረተበት ዓመት ይጻፍ።

በያጅ፦ 12 ያሸነፈ ቁጥር ነው።