የትዝታ ክሊፕ፦ ከንፈርና ድምፅ አልገጥም አለ

ሰላም ወገኖች። እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ የትዝታ ክሊፕ እየቀረጽን ነው። በስሎው ሞሽን ስናደርገው የዘፋኟ ከንፈር ከድምፁ ይለያያል። ምን ይሻላል?

— በሰከንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቅረጹ፤ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ክፈቱላትና በዚያው ፍጥነት ትዝፈን። ኤዲቲንግ ላይ ወደ 25 ሲወርድ ከንፈሯ ልክ ይገጥማል፤ የነጠላዋ ጥለት ግን በነፋሱ ቀስ ብሎ ይውለበለባል። ሹተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ይሁን። ቃላቱ ስለሚጣደፉባት ስንኝ በስንኝ ቅረጹ።

— ከቀትር ፀሐይ ሽሹ፤ ዓይኗ ሥር ጥላ ይጥላል፣ የሐበሻ ቀሚሱም ነጭ ብቻ ሆኖ ሽመናው ይጠፋል። ጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል።

— እባካችሁ እስክስታ አታብዙበት! ትዝታ ናፍቆት ነው፤ ፊቷ ላይ ቆዩ። ግጥሙ ወሎን የሚያነሳ ከሆነም አለባበሷ የወሎ ይሁን።