ከመስቀል በኋላ ልጆቹን የት ልውሰድ?

የደብረ ብርሃን እናት፦ እንቁጣጣሽ ከማለቁ ደብተር መሸፈኑ፣ ዩኒፎርም ማሳጠሩ መጣ። መስከረም 16 ደመራ፣ በማግስቱ አማቶቼ ቤት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ላይ ጣለብን! በቀረችኝ አንዲት እሑድ አንኮበር ወይስ ጓሳ? ትንሿን መኪና ያዞራታል።

መልስ፦ እህቴ፣ አንኮበር ይሻልሻል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ይሆናል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ሲወጡ ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ። ማታ ለጥ ብለው ይተኙልሻል።

ሌላ መልስ፦ ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለ፤ ግን መንዝ ድረስ ነው። ከልጆች ጋር በአንድ እሑድ አይሞከርም። ጋቢ ሳትይዙም እንዳትሄዱ!

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ አንኮበር። ቆሎውን ዛሬ እቆላለሁ። ስብሰባው ግን አባትየውን ይመለከታል።