ጎርን ለቴክሳስ ሰጥተው የ33 ዓመት ልጅ ማናጀር አደረጉ፤ የዋሺንግተኑ ቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ ምን እያሰቡ ነው?

የናሆም አባት፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቤዝቦል የምትከታተሉ ሀበሾች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ አስረዱኝ።

እኔ ወደዚህ ጨዋታ የገባሁት በልጄ ተጎትቼ ነው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ናሆም 12 ዓመቱ ነው፤ ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል) ውስጥ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ግራኝ ነው። ስለዚህ የናሽናልሱ ግራኝ መኬንዚ ጎር ለእሱ ሌላ ነገር ነበር። በ2025 የመክፈቻ ቀን ፊሊስን ሲገጥም አብረን አየነው። 6 ኢኒንግ (ዙር) ወረወረ፣ 13 መቺ በስትራይክ አውት አስወጣ፣ አንድ ሂት (የተሳካ ምት) ብቻ ሰጠ። ከዚያ ቡልፔኑ (ተተኪ ፒቸሮቹ) ገባና ተሸነፍን። ቴሌቪዥኑን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

ጁላይ ላይ ማናጀሩን ዴቭ ማርቲኔዝንና የበላዩን ማይክ ሪዞን በአንድ ቀን አሰናበቱ። እሺ፣ እየተሸነፍን ነበር፣ ይሁን። ከዚያ ፖል ቶቦኒ የሚባል የ35 ዓመት ሰው ከቦስተን አምጥተው አለቃ አደረጉት። እሱ ደግሞ ብሌክ ቡቴራን ማናጀር አደረገ። ያኔ 33 ዓመቱ ነበር! እኔ በዕድሜ የሚበልጠው ጃኬት አለኝ።

በ2026 ጃንዋሪ ላይ ይባስ ብለው ጎርን ለቴክሳስ ሬንጀርስ ሰጡት። በምትኩ አምስት ልጆች መጡ። ከአምስቱ ያኔ በዋናው ሊግ አንድ ቀን የተጫወተ አልነበረም።

ጥያቄዬ፦ ባለቤቶቹ ገንዘብ ማውጣት አልፈልግ ብለው ነው? ወይስ እኔ ያልገባኝ ዘዴ አለ? ልጁ "ለምን ሸጡት?" ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

አረንጓዴ መስመር፦

ወንድሜ፣ እኔ ስታዲየሙ ናቪ ያርድ ከተከፈተበት ከ2008 ጀምሮ በአረንጓዴው ባቡር እየተመላለስኩ የምናደድ ሰው ነኝ። ቁጭ በል፣ ላጫውትህ።

መጀመሪያ ማናጀሩ። የእግር ኳስ አሰልጣኝ አድርገህ አታስበው። ዛሬ ቤዝቦል ውስጥ ማን ይገዛ፣ ማን ይሸጥ፣ ፒቸሩ ምን ዓይነት ኳስ ይጨምር የሚለው በአብዛኛው ላይ ቤት፣ በክለቡ ቢሮ ነው የሚወሰነው። ማናጀሩ ያንን ተቀብሎ 26 ተጫዋች በየቀኑ ማሳመን አለበት። ሲዝኑ ደግሞ 162 ጨዋታ ነው። ቡቴራ የመጣው ከታምፓ ቤይ ሬይስ ነው። እዚያ ልጆችን የማሳደጉን ሥራ ይመራ ነበር። 25 ዓመቱ እያለ ማይነር ሊግ (ከዋናው በታች ያለው ሊግ) ውስጥ ቡድን ይዞ ያውቃል። አዎ፣ በዋናው ሊግ እንደሱ ወጣት ማናጀር ሲሾም ከ1972 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ግን የሚመራቸውም ልጆች ናቸው። አባታቸው የሚያክል ሰው ቢመጣ የግድ ይሰሙታል ያለው ማን ነው?

ለማርቲኔዝ ክብር አለኝ። በ2019 ሲዝኑን 19 ለ31 ጀምሮ ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት አንድም ዓመት የለም። በ2022 እንዲያውም 107 ጊዜ ተሸነፍን። ጥፋቱ ሁሉ የእሱ አይደለም፤ ጥሩ ጥሩዎቹን ከሥሩ እየነቀሉ ሸጠውበታል።

አሁን ወደ ጎር። ልጅህን የሚያስቀይመው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልንገርህ።

አንድ ተጫዋች ዋናው ሊግ ከገባ በኋላ 6 የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው ክለቡ ይዞ ያቆየዋል። ሲሞላ ፍሪ ኤጀንት ሆኖ ወደ ፈለገው ይሄዳል። ጎር የቀረው 2026 እና 2027 ብቻ ነበር። እኛ በ2025 66 አሸንፈን 96 ተሸንፈናል። ከዚህ ተነስተን በ2027 ዋንጫ እንበላለን ብሎ የሚወራረድ ካለ ይምጣ። ቶቦኒ ያሰበው ይህንን ነው፤ የሚጠቅመን ሰዓት ሳይደርስ የሚሄድ ሰው ከሆነ፣ ዋጋው ሳይወርድ እንሽጠው።

ዋጋው ደግሞ በአንድ ቀን ሊወርድ ይችላል። ፒቸር ማለት ክንዱ ነው። ስትራስበርግን አስታውስ። በ2019 የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ኮከብ ሆነ። በዚያው ዲሴምበር ለ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙለት። እኔም ጨፍሬያለሁ። ከዚያ በኋላ የወረወረው 8 ጨዋታ ነው። ስምንት! ትከሻውና አንገቱ መካከል ያለው ነርቭ ተጎድቶ በ2024 ጡረታ ወጣ። ፓትሪክ ኮርቢን ደግሞ 140 ሚሊዮን ተፈርሞለት የመጀመሪያውን ዓመት ዋንጫ አበላን፤ በ2022 19 ጨዋታ ተሸነፈ። ኬድ ካቫሊን ተመልከት፤ በ2020 ድራፍት (የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ) የመጀመሪያ ምርጫችን ነበር። በ2023 ክርኑ ተቀደደ፤ በደንብ ተመልሶ ያየነው በ2025 ኦገስት ነው። ጎር እንደዚህ ሳይሆን በፊት ሸጡት፣ በቃ።

ግን የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። ይህ ጎር ራሱ ከየት መጣ? በ2022 ሁዋን ሶቶን ለሳንዲዬጎ ስንሸጥ በምትኩ ከመጡት "የወደፊት ተስፋዎች" አንዱ ነበር። ያኔ "ታገሱ፣ እነዚህ ልጆች ሲያድጉ" አሉን። ታገስን። ልጁ አደገ፣ ኦል ስታር (ከሊጉ ኮከቦች አንዱ) ሆነ። ሲያድግ ሸጡት። አሁን ደግሞ "ታገሱ" ይሉናል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ሂሳብ ለማየት ቲኬት አልገዛም።

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አረንጓዴ መስመር የጻፈው ጥሩ ነው፤ ግን ባለቤቶቹን በጣም ቀለል አድርጎ አልፏቸዋል።

እኔ በሙያዬ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጎር ውድ አልነበረም። ፍሪ ኤጀንት ያልሆነ ፒቸር በገበያው ዋጋ አይከፈለውም፤ ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ የ2026 ደሞዙን ለመቆጠብ ሸጡት ማለት አይቻልም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከ2027 በኋላ በቡድኑ እንዲቆይ ትልቅ ውል ለመስጠት ፍላጎቱ ነበር ወይ? ቤዝቦል ውስጥ የደሞዝ ጣሪያ የለም፤ ከወሰን ሲያልፉ የሚከፈል ቅጣት ብቻ ነው ያለው። እኛ ደግሞ ከዚያ ወሰን እጅግ ሩቅ ነን። ባለቤቶቹ ለርነሮች ቢፈልጉ ይችላሉ።

ሌላው፣ አሁን ማን ሊወረውር ነው? በ2025 ከእኛ የባሰ ፒቺንግ የነበረው ኮሎራዶ ብቻ ነው። እነሱ እንኳ አየሩ ስስ የሆነ ተራራ ላይ ስለሚጫወቱ ኳሱ ይበርባቸዋል። እኛ ምን ምክንያት አለን? ቡልፔኑ ውስጥ የሚታመነውን ግራኝ ሆሴ ፌሬርን ዲሴምበር ላይ ለሲያትል ሰጡ። ከጃፓን ፎስተር ግሪፈንን በአንድ ዓመት ውል አመጡ። ጥሩ ከወረወረ ሲዝኑ ሳያልቅ ደግሞ እሱን ይሸጡታል፣ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ግን ወድጄላቸዋለሁ። በፌሬር ምትክ ያመጡት ሃሪ ፎርድ ካቸር ነው። ፒቸሮችን ማስተካከል ከተፈለገ ኳሱን ከሚቀበለው መጀመር ደግ ነው። የትኛው ኳስ እንደሚወረወር ከፒቸሩ ጋር የሚነጋገረው፣ ሲደነግጥ ወደ ጉብታው ሄዶ የሚያረጋጋው እሱ ነው። ከቴክሳስ ከመጡት አምስቱ መካከል ደግሞ ፒቸሩ አለሃንድሮ ሮሳሪዮ በክርን ጉዳት 2025ን ሙሉ አልወረወረም። ከክንድ ስጋት ሸሽተን የተጎዳ ክንድ ገዛን፤ ይህን እንግዲህ አረንጓዴ መስመር ያስረዳን።

ቦስተን ነኝ፦

ከሰሜን ጣልቃ ልግባ፣ አትሳደቡ።

ወጣት አለቃ ያስፈራል ለምትሉ፦ የእኛው የቦስተን ሬድ ሶክስ ቲዮ ኤፕስታይን በ2002 ጄኔራል ማናጀር (የማናጀሩ የበላይ) ሲሆን 28 ዓመቱ ነበር። በ2003 ከያንኪስ ጋር በሰባተኛው ጨዋታ 5 ለ2 እየመራን፣ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ማናጀሩ ግሬዲ ሊትል የደከመውን ፔድሮ ማርቲኔዝን ሳያወጣው ቀረ። አቻ ሆኑ፣ በኋላም ተሸነፍን። የሊትልን ውል አላደሱለትም። በዚያው ዓመት ኤፕስታይን አሪዞና ድረስ ሄዶ በታንክስጊቪንግ ሰሞን ከርት ሺሊንግን ቤቱ ተቀምጦ አሳመነው። ቴሪ ፍራንኮናን ማናጀር አደረገ፤ ኪዝ ፎልክን ለመጨረሻዎቹ ኢኒንጎች አስፈረመ። በ2004 ከ86 ዓመት በኋላ ዋንጫ በላን።

ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። እኛ ማናጀር ስንቀይር ፒቸር ገዛን። እናንተ ማናጀር ስትቀይሩ ፒቸር ሸጣችሁ። ቶቦኒን እናውቀዋለን፣ ልጆችን መምረጥ ይችልበታል። ግን መግዛት የሚችለው ኪስ ሲሰጡት ነው።

አረንጓዴ መስመር፦

ትዕግስት፣ ሮሳሪዮን በተመለከተ አፌን ዘጋሽው። ግን ዋናው ዕቃ እሱ አይደለም። ቴክሳስ በ2025 ድራፍት በ12ኛ ምርጫ የወሰደው ጋቪን ፊየን ነው። ፒቸር አይደለም፣ መቺ ነው። መቺ ሲያድግ እንደ ፒቸር ድንገት አይሰበርም፤ ፒቸር ሸጠው መቺ የገዙት ለዚህ ይመስለኛል።

ቦስተንን በተመለከተ፣ የሰው ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ደስ ካለህ ቀጥል።

የናሆም አባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለናሆም የነገርኩት የትዕግስትን ነው፤ "ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር፣ ትልቅ ውል ሊሰጡት አልፈለጉም" አልኩት። "እሺ፣ የቴክሳስ ኮፍያ ግዛልኝ" አለኝ። አልገዛም አልኩት። ተኮራርፈናል።

ግን የስትራስበርግን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። የልጁ ኮች ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ማሸነፍ ይወዳል። ናሆም ሲወረውር ቆይቶ ክንዱን ሲያሻሽ አየዋለሁ። ቁጥር አለው ወይ ይሄ ነገር?

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አለው ጋሼ፣ በደንብ አለው። በሊትል ሊግ ደንብ ለ11 እና 12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቀድም። 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ማረፍ አለበት። የእኔም ልጅ ይጫወታል፤ እኔ አጥሩ ጋ ተቀምጬ በስልኬ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ኮቹ ፊቱን አጠቆረብኝ፤ አሁን ራሱ "ስንት ደረሰ?" ብሎ ይጠይቀኛል። እርስዎም ይቁጠሩ። ለሁለት ቡድን የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ይደምሩ፤ አንዱ ኮች የሌላውን አያውቅም። ቁጥሩ ሳይሞላም ቢሆን ካመመው "ይብቃው" ይበሏቸው። ክንዱን ካሻሸ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

አረንጓዴ መስመር፦

እሷ ያለችው ልክ ነው። ኮፍያውንም ግዛለት እንጂ፣ ምን ችግር አለው።