ለልጆቹ ትምህርት ብለን ከመሃል ባሕር ዳር ወደ ዓባይ ማዶ እንልቀቅ ወይስ እንቆይ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

እንደምን አላችሁ ቤተሰብ? ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው ባሕር ዳር መሃል ከተማ፣ ከትልቁ ገበያ ብዙም ሳንርቅ ነው። ቤቱ ከባለቤቴ እናት የወረስነው ስለሆነ ኪራይ የለብንም። እኔ ገበያው ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፣ ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ወንዱ ልጃችን 7ኛ ክፍል ነው፤ ሴቷ አምስት ዓመቷን ይዛለች፣ ለመስከረም መዋለ ሕፃናት መግባት አለባት።

ልጄ የሚማረው ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። ግን ትምህርቱ በፈረቃ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከ70 በላይ ተማሪ አለ። ደብተሩን ሳየው ለሳምንታት ያልታረመ የቤት ሥራ አገኛለሁ። አማርኛውን አቀላጥፎ ያነባል፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን ይንተባተባል፣ ሒሳቡም ዘንድሮ ወርዷል። ማታ አብሬው ተቀምጬ ሳስጠናው ገብቶት ሳይሆን ሸምድዶ እንደሚያልፍ ይታየኛል፤ ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ዓባይ ማዶ የምትኖር ጓደኛዬ ልጆቿን የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በክፍል 40 ልጅ ነው ትለኛለች፣ ክፍያው ለአንድ ልጅ በወር 2,400 ብር። እኛ ቤታችንን በ6,000 ብር አከራይተን እዚያ በ7,500 ብር ተከራይተን ብንገባ ብለን እያሰብን ነው። ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴ ደግሞ «ልጁን እኔ ጋ ላኪው፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ይማር» ትላለች። ባለቤቴ ዘንድሮ ክረምት ላይ እንልቀቅ ባይ ነው። እኔ ቆርጬ መናገር አቃተኝ።

መልስ፦ ማዶ ነዋሪ

እህቴ፣ እኔ ዓባይ ማዶ ነኝ። ሰፈሩን አላሳንሰውም፤ ግቢዎቹ ሰፋ ይላሉ፣ ልጆች መጫወቻ አያጡም። ዱሮ ትልቁ ችግራችን ድልድዩ ነበር። በግንቦት 2016 አዲሱ 380 ሜትር ድልድይ ከተመረቀ ወዲህ መሻገሩ ቀሎናል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሱቅሽ መሃል ከተማ፣ ልጆችሽ ማዶ ሊሆኑ ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ መንገድ ድንገት የሚዘጋበት፣ ባጃጅ የሚቆምበት ቀን እንዳለ አንቺም ታውቂዋለሽ። እንዲህ ባለ ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ ቤቱ የሚያቆይልሽ ሰው ማዶ አለሽ ወይ? ጓደኛሽ ልትሆን ትችላለች፤ ግን አስቀድመሽ ተነጋገሪያት፣ ስሟንም ትምህርት ቤቱ ጋ አስመዝግቢ። ዘበኛ ለማያውቀው ሰው ልጅ አይሰጥም፣ መስጠትም የለበትም።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ዳንግላ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ልጆች ናቸው ያሉት፤ እናንተ ግን ለሁለቱ አንድ መልስ ነው የምትፈልጉት። እስቲ ለየብቻ እዪአቸው።

ወንዱ ለመስከረም 8ኛ ክፍል ይገባል ማለት ነው። 8ኛ የክልል ፈተና ያለበት ክፍል ነው። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ አዲስ መምህር፣ አዲስ ጓደኛ፣ አዲስ ሰፈር እየለመደ ፈተናው ይደርስበታል። የሚችል ልጅ አለ፤ ቀድሞውንም መሠረቱ የላላበትን ልጅ ግን ይከብደዋል። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፤ ያ የግል ትምህርት ቤት እስከ ስንተኛ ክፍል ነው? እስከ 8ኛ ብቻ ከሆነ ሁላችሁም ተነቅላችሁ የምትሄዱት ለአንድ ዓመት ነው። 9ኛ ሲገባ እንደገና ትምህርት ቤት ልትፈልጉለት ነው፣ ምናልባትም ተመልሳችሁ መሃል ከተማ።

ሴቷ ግን ገና ጀማሪ ናት። ፊደልና ንባብ በደንብ የሚያስይዛት ቦታ ካገኘሽ ረጅም ዓመት ትጠቀምበታለች። የቤተሰባችሁን ገንዘብ የምታወጡበት ቦታ ካለ እርሷ ጋ ነው እላለሁ።

ስለ ትምህርት ቤቱም «የግል ነው፣ 40 ልጅ ነው» የሚለው ብቻውን አይበቃኝም። በሥራ ቀን ሄደሽ እዪው። በበዓልና በወላጅ ቀን ሁሉም ትምህርት ቤት ያማረ ነው። የኢንስፔክሽን ደረጃው ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 3 እና 4 ደረጃውን ያሟላ ነው፣ 1 እና 2 ገና የሚቀረው። ያለፈው ዓመት የ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና ውጤታቸውን እንጂ ራሳቸው የሚሞሉትን ካርድ አትመልከቺ። ከመስከረም ወዲህ ስንት መምህር ለቀቀ ብለሽም ጠይቂ። ደመወዝ የሚያሳንስ የግል ትምህርት ቤት በዓመት ውስጥ የሒሳብ መምህር ሦስት ጊዜ ይቀያየርበታል፤ እንዲህ ከሆነ 40 ተማሪ መሆኑ ምንም አይጠቅምም። የጓደኛሽን ልጅ ደብተር ተዋሺና እዪው። ቀይ እስክሪብቶው ምልክት ብቻ አድርጎ ያለፈ ነው ወይስ ስህተቱን አርሞ የጻፈ? በእኔ ዕድሜ ስለ መምህር ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር አላየሁም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ወዲህ ያለውን ታስታውሻለሽ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ከእነዚያ ከወደቁት ልጆች ብዙዎቹ ካርዳቸው ላይ ጥሩ ቁጥር የነበራቸው ናቸው። ከ9ኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊዚክሱ ቢገባውም ጥያቄው ራሱ የማይገባው ልጅ ብዙ አስተምሬያለሁ። የአንቺ ልጅ ችግርም ከአሁኑ የታየው እዚያው ላይ ስለሆነ፣ ሰፈር ከመቀየር በፊት እንግሊዝኛና ሒሳብ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የሚያስጠናው ሰው ፈልጉለት። በፈረቃ መማሩ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፣ ግማሽ ቀኑ ባዶ ነው።

መልስ፦ ሒሳብ ያዥ

መምህር ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ብሩን ላስላላችሁ። በኪራዩ ልዩነት በወር 1,500 ብር ትጨምራላችሁ፣ በዓመት 18,000። የሁለት ልጅ ክፍያ በወር 4,800 ነው፣ በአሥር ወር 48,000። ድምሩ 66,000 ብር ሆነ። መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ የአንቺና የባለቤትሽ የየቀን ትራንስፖርት ገና አልገባም። ቤት ስታከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳለም አትርሱ፤ 6,000ው ሙሉውን ኪሳችሁ አይገባም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ይህ ነው። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ አከራይም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። አዋጁ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የሚመለከታችሁ ከሆነ ማዶ ስትከራዩ ይጠብቃችኋል፤ የራሳችሁን ቤት ስታከራዩ ግን እናንተም አከራይ ናችሁ። ልጁ 8ኛን ሲጨርስ እንመለስ ብትሉ ቤታችሁ ውስጥ ገና አንድ ዓመት የሚቀረው ተከራይ ታገኛላችሁ።

መልስ፦ የማርቆሷ

እቴ፣ ስለ እናትሽ ሐሳብ ልበል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስሙ የቆየ ነው፣ ማርቆስም ለተማሪ የምትመች ከተማ ናት። ግን መንገዱ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ ልጄን ቅዳሜ ሄጄ ልየው የሚባልበት መንገድ አይደለም። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አያቱ ብታሳሳውም አባቱን ይፈልጋል። እኔ የእህቴን ልጅ ተቀብዬ አሳድጌያለሁ፣ በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፤ ስልክ በተቋረጠ ሰሞን ግን ማታ ማታ ምግብ አይበላልኝም ነበር። እናትሽን «ክረምት ይምጣልሽ» በያት። እግረ መንገዱን የሚያስጠናው ሰው እዚያም አይጠፋም።

መልስ፦ አባወራ ከሽምብጥ

የእኔ ልጅ ከ1ኛ እስከ 8ኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፣ አሁን 11ኛ ናት፣ ደህና ናት። 70 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚያውቀው ወላጁ የሚመላለስለትን ልጅ ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው አልልም፤ ለሌሎቹ ልጆች ያሳዝነኛል። ግን እውነቱ እንዲያ ነው። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ሲጠራ ሂጂ፣ የሒሳብ መምህሩን በስም እወቂው። ደግሞ መርሳት የሌለብሽ፣ 9ኛ ሲገባ መሃል ከተማ መሆኑ ይጠቅመዋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል አለው፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብሎ ቤተ ሙከራ ያስገባል። የሚማርበትን ትምህርት ቤት ስለ ምልመላው ጠይቂ።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ ባሉኝ መሠረት በሥራ ቀን ሄጄ ትምህርት ቤቱን አየሁት። እስከ 8ኛ ብቻ ነው። 40 የተባለው የታችኞቹ ክፍሎች ነው፤ 8ኛ ክፍል 55 ናቸው። የሕፃናቱ ክፍል ግን ልቤን ወሰደው። መምህርቷ መሬት ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጣ ፊደል ታስቆጥራለች፣ የእያንዳንዱን ስም ታውቃለች። የክልል ፈተናውን ውጤት ስጠይቅ ርዕሰ መምህሩ «በኋላ እናሳይዎታለን» አሉኝ፣ እስካሁን አልደወሉም።

ባለቤቴ ስለ ሁለት ዓመቱ ውል ሲሰማ ዝም አለ፣ ከዚያ «እንግዲያው ልጁ 8ኛን እዚሁ ይጨርስ» አለ። አስጠኚ አግኝተንለታል፣ ፔዳ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የሚማር የሒሳብ ተማሪ ነው። አሁን የቀረችኝ ትንሿ ናት። በየቀኑ ድልድይ አሻግሬ ልውሰዳት ወይስ እዚሁ አቅራቢያ ልፈልግላት? የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ጠዋት መነሳቱም አለ።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ዳንግላ

እዚሁ ፈልጊላት። አንቺን የማረከሽ ሕንፃው አልነበረም፣ መምህርቷ ናት፤ እንዲህ ዓይነት ሰው መሃል ከተማም ውስጥ አለ። ሁለትና ሦስት ቦታ ገብተሽ ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ። ልጆቹ ሲናገሩ የሚሰማቸው አለ ወይስ በአንድ ድምፅ ብቻ ይጮኻሉ? በአምስት ዓመቷ እንግሊዝኛ ሸምድዳ እንድትዘምር ሳይሆን አማርኛውን ቃል በቃል እንድታነብ ነው የምትፈልጊው። ከፊደሉ በኋላ እንግሊዝኛው ይከተላል።

መልስ፦ ማዶ ነዋሪ

የግል መዋለ ሕፃናት ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው የሚሞላው፣ ነሐሴን አትጠብቂ። የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ የክትባት ካርዷንና ጉርድ ፎቶ ይዘሽ ሂጂ። የልደት ወረቀቷን ካላወጣሽ ቀበሌ አሁኑኑ ጀምሪው፣ ክረምት ሲገባ ሰልፉ ይበዛል። የመመዝገቢያ ክፍያ ከመክፈልሽ በፊትም ልጅቷ ብትቀር ይመለስ እንደሆነ ጠይቀሽ ደረሰኙ ላይ አስጽፊ።