የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት ከምን ይጀመራል?

የ3ኛ ክፍል እናት፦
ሰላም ወገኖች። ባህር ዳር ነኝ። ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ከክፍሎቹ ጀርባ ባዶ መሬት አለው፤ ክረምት አረም ይወርሰዋል፣ በጋ አቧራ ነው። ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት) ጥቂት ወላጆች ሆነን ከልጆቹ ጋር አትክልት እናልማበት ብለን ርዕሰ መምህሩ እሺ ብለውናል። ግን ማናችንም ልምድ የለንም። ምን እንትከል? ለማዳበሪያስ ከሐይቁ ተነቅሎ ጣና ዳር የተከመረውን የእምቦጭ አረም ብንጠቀምስ?

መምህርት ነኝ፦
እህቴ፣ ከተክሉ በፊት ስለ እረፍት ጊዜ ተነጋገሩ። እኛ መስከረም ላይ በወኔ 12 መደብ አዘጋጀን። የአጋማሽ ዓመት እረፍት ሲመጣ የሚያጠጣ ጠፋ። ስንመለስ ቆስጣው ደርቆ፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይፈረፈር ነበር። አንድ ልጅ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቅጠሉን ሲለቅም አይቼው ሆዴን በላኝ። አሁን ያለን 4 መደብ ብቻ ነው፤ በእረፍት የሚያጠጣው ተረኛ ቤተሰብ ግን ቀድሞ ይታወቃል። የእጅ መታጠቢያውን ፍሳሽ ደግሞ በቦይ ወደ ሙዙ መራነው። ሰላጣ ላይ አናደርሰውም፣ ጥሬውን የሚበላ ነውና።

የጓሮ ሰው፦
እምቦጩን ተይው በናትሽ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል፣ ቁራጩም ውሃ ካገኘ ያቆጠቁጣል። ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ከጓሯችሁ ወደ ቦይ፣ ከቦይ መልሶ ወደ ጣና ነው። ስንት ገበሬ በእጁ ሲነቅለው የከረመውን አረም እኛ አናሰራጨው። የከብት ፍግና ደረቅ ቅጠል ይበቃችኋል፤ ፍጉ ግን በደንብ ይብላላ፣ ትኩሱ ችግኝ ያቃጥላል። ለመጀመሪያ ሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ይሻላችኋል፤ የታች የታቹን ቅጠል ስትቀነጥሱ ከላይ እየሰጠ ይቀጥላል። ካሮት ከፈለጋችሁ እዚያው መደቡ ላይ ዝሩት፣ ከተዛወረ ሥሩ ይጣመማል።

የሁለት ልጆች አባት፦
አጥር! አንድ ፍየል ከገባ የሁለት ወር ልፋት በአንድ ጠዋት ያልቃል። ምርቱ የማን እንደሆነም ዛሬውኑ ተነጋገሩ። እኔ የማውቀው ቦታ ልጆቹ ኮትኩተው ጎመኑን ትልልቆቹ ተካፈሉት፣ ከዚያ በኋላ ዶማ የሚያነሳ ልጅ አልተገኘም።

የ3ኛ ክፍል እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እምቦጩን ትተነዋል፤ 4 መደብ፣ ቅዳሜ አጥር። የመጀመሪያው ጎመን ለልጆቹ ምሳ ይሁን ብዬ ለወተመህ አቀርባለሁ። ልጄ ካሮት ካልተዘራ ብላለች፣ አንዱ መደብ የእሷና የጓደኞቿ ነው።