ፓርቲ ለአሜሪካ ተራ ሕዝብ በር ከፈተ ወይስ ዘጋ?

ጠያቂው፦ ጎበዝ፣ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና እያጠናሁ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ሁለቱ ዋና ዋና ፓርቲዎች እነማን ናቸው?» ይላል። እሱስ ቀላል ነው። ግን ሕገ መንግሥቱን ከዳር እስከ ዳር አየሁት፣ ስለ ፓርቲ አንድም ነገር የለበትም። ዋሽንግተንም በ1796 ሲሰናበት ከፓርቲ ወገንተኝነት ተጠንቀቁ ብሎ ነው የሄደው። ታዲያ በመጀመሪያዎቹ 50 ዓመታት ፓርቲ ተራውን ሕዝብ ጠቀመው ወይስ ጎዳው? ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ይሁን። የዛሬን ምርጫ እዚህ ያመጣ ወራጅ ነው።

ቆፍጣናው፦ ምን ጥያቄ አለው፣ ጎዳው እንጂ! ጄፈርሰንን ተመልከት። የዋሽንግተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። በ1791 ፊሊፕ ፍሬኖ የሚባል ገጣሚ በመሥሪያ ቤቱ ተርጓሚ አድርጎ ቀጠረው፣ በዓመት 250 ዶላር። የሰውዬው ዋና ሥራ ግን ጋዜጣ ማዘጋጀት ነበር። ጋዜጣው ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሩን ሃሚልተንን፣ ቆየት ብሎም ዋሽንግተንን ራሱን ሲዘልፍ ይውላል። የመንግሥት ደመወዝ እየበሉ መንግሥትን መቦርቦር! እዚህ ውስጥ ሕዝቡ የት አለ?

መምህሩ፦ ልጄ፣ ጋዜጣውን ማን አነበበው? ሕዝቡ ነዋ። እስቲ የማቲው ላየንን ነገር ላጫውትህ። ከአየርላንድ የመጣ ድሃ ነው፤ የመርከብ ዋጋውን በጉልበቱ ሠርቶ የከፈለ። በኋላ ቬርሞንት ገብቶ ሰው ሆነ፣ የጄፈርሰን ወገን ሆኖ ለኮንግረስም ተመረጠ። እዚያ ያሉት ፌደራሊስቶች፣ የሃሚልተንና የያኔው ፕሬዚዳንት የአዳምስ ወገኖች፣ ናቁት። በጥር 1798 አንዱ፣ ሮጀር ግሪስዎልድ፣ በወታደርነት ዘመኑ ክብሩን የሚነካ ነገር ተናገረው። ላየን ፊቱ ላይ ተፋበት። ግሪስዎልድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በዚያው አዳራሽ በከዘራ ደበደበው። ላየንም የምድጃውን ጉጠት አንስቶ ገጠመው። የሕዝብ እንደራሴዎች እኮ ናቸው!

በዚያው ዓመት ፌደራሊስቶቹ መንግሥትንና ፕሬዚዳንቱን በጽሑፍ ያጥላላ ይታሰር የሚል ሕግ አወጡ። ምክትል ፕሬዚዳንቱን መሳደብ ግን በሕጉ የለም። ምክትሉ ተቀናቃኛቸው ጄፈርሰን ነዋ! ላየን አዳምስን ነቅፎ ስለጻፈ 4 ወር እስርና 1,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። ምን ሆነ መሰለህ? የቬርሞንት ገበሬዎች እስር ቤት እንዳለ መልሰው መረጡት።

ቀጥሎ የ1800 ምርጫ መጣ። ጄፈርሰንና የራሱ ፓርቲ ሰው አሮን በር ፕሬዚዳንቱን በሚመርጡት የግዛት ወኪሎች እኩል 73 ድምፅ አግኝተው ተፋጠጡ። ነገሩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ነው። 35 ዙር ቢቆጠር መቋጫ ጠፋ። በ36ኛው ዙር የቬርሞንቱ ፌደራሊስት ሳይመርጥ ቀረ። ስለዚህ የግዛቱን ድምፅ ለጄፈርሰን የሰጠው ላየን ብቻውን ነው። ትናንት እስረኛ፣ ዛሬ ፕሬዚዳንት ሿሚ። ፓርቲ ባይኖር ይሄ አየርላንዳዊ ማን ይሰማው ነበር?

ቆፍጣናው፦ ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ያሰረውም ፓርቲ ነው። እርስዎ የነገሩን ፓርቲ ስላሰረው ሰው፣ ፓርቲ ስላስፈታው ሰው ነው።

መምህሩ፦ ያስፈታው ፓርቲ አይደለም፣ የእስራት ጊዜውን ጨርሶ ነው የወጣው። ቅጣቱን ግን ደጋፊዎቹ አዋጥተው ከፈሉለት።

ነርሷ፦ ሁለታችሁም ስለ ወንዶች ብቻ ታወራላችሁ። ኒው ጀርሲን የሚያነሳ ጠፋ። እዚያ ከ1776 ጀምሮ 50 ፓውንድ ንብረት ያለው ነዋሪ ሁሉ ይመርጥ ነበር። በ1790 የወጣው ሕግማ ሴትንም ወንድንም ለይቶ ይጠቅሳል። ባል ያላት ሴት ንብረቷ በባሏ ስለሚቆጠር የሚመርጡት ባል የሞተባቸውና ያላገቡ ነበሩ። ነጻ ጥቁሮችም ይመርጡ ነበር።

ሁለቱ ፓርቲዎች ፉክክሩ ሲጦፍ ሴቶቹን በጋሪ ጭነው ምርጫ ጣቢያ ያመጡ ጀመር። የተሸነፈው ወገን ታዲያ ሁልጊዜ የሚያማርረው በሴቶቹ ነው። በ1807 የኤሴክስ አውራጃ ፍርድ ቤት ኒዋርክ ይሠራ ወይስ ኤልዛቤት ታውን ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ማጭበርበሩ ለጉድ ነበር። ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ደግመው መረጡ ተባለ። እሺ፣ አጭበርባሪዎቹ ወንዶች ናቸው። ማን ተቀጣ? በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ሴቶችንና ጥቁሮችን ከምርጫ አስወጣ። «የሕዝብ ወገን ነን» የሚሉት የጄፈርሰን ፓርቲ ሰዎች፣ ሪፐብሊካኖች (የዛሬዎቹ አይደሉም)፣ ናቸው የመሩት። ድሃ ነጭ ወንድ ግን ግብር ከከፈለ ገባ።

ጠያቂው፦ እንዴ! ይሄን አልሰማሁም ነበር። በአንድ ሕግ ለአንዱ ከፍቶ ለሌላው መዝጋት ማለት ነው?

ነርሷ፦ አዎ። ኒው ዮርክም በ1821 ያንኑ አደረገ። ለነጭ ወንድ የንብረት መስፈርቱን ከሞላ ጎደል አነሱለት። በሕዝብ መንገድ ሥራ ላይ የሠራም መምረጥ ቻለ። ለጥቁር ወንድ ግን የ250 ዶላር ንብረት ይኑርህ አሉት። ምክንያቱ ዘረኝነት ብቻም አልነበረም፣ ሒሳብም አለበት። የኒው ዮርክ ጥቁሮች ብዙውን ጊዜ ፌደራሊስቶችን ይመርጡ ነበር። የሚገርመው፣ በጉባኤው ከተሟገቱላቸው አንዱ «የባላባት ፓርቲ» የሚባሉት የፌደራሊስቶች ሰው፣ ፒተር ጄይ ነው።

ቆፍጣናው፦ በቃ፣ ተረታችሁ! ፓርቲ ድምፅህን የሚፈልገው ለእሱ ከሆነ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ቆይ እንጂ። በ1824 አንድ ፓርቲ ብቻ ቀርቶ፣ አራት እጩዎች በየግላቸው ሲሮጡ ምን ሆነ? ከመራጩ አራተኛው እጅ ገደማ ነው የወጣው። አንድሩ ጃክሰን ከግዛት ወኪሎቹ 99፣ የፕሬዚዳንት አዳምስ ልጅ 84 ድምፅ አገኙ፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ምክር ቤቱ ሁለተኛውን ሾመ። ከዚያ ማርቲን ቫን ቡረን፣ የኒው ዮርኳ ኪንደርሁክ መጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ፣ «ሥርዓት ያለው ፓርቲ እናቋቁም» ብሎ ተነሳ። ጋዜጣ፣ ኮሚቴ፣ ሰልፍ። በ1828 ከግማሽ በላይ ወጣ፣ በ1840 ደግሞ 80 በመቶ ገደማ። ይሄን ያመጣ ፓርቲ ነው።

ነርሷ፦ 80 በመቶ የማን ጋሼ? መምረጥ ከተፈቀደለት ነው የሚቆጠረው። ፔንሲልቬኒያ በ1838 ሕገ መንግሥቷን ስታሻሽል ጥቁሮችን አስወጣች። ባርነትን የሚቃወመው ሮበርት ፐርቪስ በ40,000 ጥቁር ዜጎች ስም አቤቱታ ጻፈ። የሰማው የለም። ያንን ሁሉ ሰው ከቀመሩ አውጥቶ ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ ማለት ደስ አይልም።

መምህሩ፦ እሱን አልክድም። ግን ባርነትን የሚቃወሙት ሰዎች ምን አደረጉ? ዓመታት በአቤቱታና በስብከት ሞከሩ። በ1840 ግማሾቹ የሊበርቲ ፓርቲን መሠረቱ። ፓርቲን አጥብቀው የሚጠሉ ሰዎች እኮ ናቸው።

ቆፍጣናው፦ ስንት ድምፅ አገኙ?

መምህሩ፦ ወደ 7,000።

ቆፍጣናው፦ ከ2 ሚሊዮን 400 ሺህ! ኧረ ጋሼ!

ነርሷ፦ ተወው፣ አትሳቅ። እነሱን ከመረጡት ውስጥ የ250 ዶላሩን መስፈርት ያሟሉ ጥቁሮች ነበሩ ወይ ብለህ ጠይቅ። እኔን የሚያጓጓኝ እሱ ነው።